የሓጁ ወናፍ

የካቲት 3 ቀን 1978

ገዳሪፍ ዛሬም እሳት ነው። እህል ገበያ የሰሊጥ ጆንያ ስሸከም ዋልኩ። ማታ ስገባ አየነው ሳቀብኝ። አብሮኝ የሚኖር የመተማ ልጅ ነው። "ኢንጂነር፣ ትከሻህ መቼ ነው የሚመረቀው?" ይለኛል። የእርሻ ሜካኒክስ ዲፕሎማዬ ላስቲክ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው። ውትድርናውን ሸሽቼ ስሻገር ከእሱ በቀር ምን ይዤ መጣሁ?

ግን ዛሬ አንድ ነገር ተገኘ። የጆንያዎቹ ባለቤት ሓጅ ሙሐመድኑር አስጠራኝ። መተማ ሲነግድ የለመዳት አማርኛ አለችው። ከፖርት ሱዳን የመጣ የዕቃ ሥዕል ዘረጋልኝ... ቅጠል የሚነፋ ሞተር። ሆሹ ውስጥ፣ ግቢውን እንዲያ ነው የሚሉት፣ ትልልቅ የኒም ዛፎች አሉ። በዚህ ወር ቅጠላቸው ሲረግፍ ይውላል። በመጋቢት ደግሞ ልጁን ይድራል።

"አንተ የተማርክ ነህ። ለሆሼ የሚሆነውን ምረጥ። ደኅና ከሠራ ፖሊስ ቢሮ ሄጄ ዋስ እሆንሃለሁ።"

ዋስ... ማለት የመኖሪያ ወረቀት። ማለት ከተማ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ። እንቅልፍም እንጃ።

የካቲት 4

ሆሹን ሄጄ አየሁ። እትዬ ደብሪቱ ትጠርጋለች። የጎንደር ሰው ናት፣ በድርቁ ጊዜ የመጣች። የእሷ ወረቀት በሓጁ ዋስትና ነው። ሥዕሉን አሳየኋት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ነፋስ የሚያወጣ ሞተር ነው፣ እትዬ።"

"ወናፍ ነዋ። አይ ገሠሠ... በየካቲት ነፋስ ሊገዙ?"

ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በኤሌክትሪክ ገመድ፦ ቀላል፣ ድምፁ ለስላሳ። ግን መብራቱ መቼ ይመጣና? ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ የቤንዚን ሞተር። ሦስተኛው በጀርባ የሚታዘል፦ ጉልበቱ የበሬ፣ ጩኸቱ የሎሪ። ለእርሻና ለመናፈሻ የተሠራ።

መሬቱ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ሓጁ ለሠርጉ ከወንዝ በሎሪ ያስመጣውን ነጭ አሸዋ አልብሶታል። አመሻሽ ላይ ውሃ ይረጩበታል፣ አልጋ ያወጣሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ። ታዲያ መልሱ ግልጽ ነው፤ ትንሹ። ቅጠሉን አንሥቶ አሸዋውን የሚተው እሱ ብቻ ነው።

ነገር ግን ትንሹን ማንም ይይዘዋል። የሓጁ ሚስት ሐጃ ራሒማ እንኳ ትይዘዋለች። ያኔ እኔ ምን እሠራለሁ?

የካቲት 6

ከሻ። ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እያፈሱ ወደ ስደተኛ ሰፈር። አየነውን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ጫኑት። ጫማው በር ላይ ነው፤ በነጠላ ጫማ ነበር የወጣው። አገር ቤት አፈሳ፣ እዚህ ከሻ... ሰው ስንት ጊዜ ይታፈሳል?

የካቲት 7

"የሚታዘለውን" አልኩት ሓጁን። "ግን የተማረ ሰው ካልያዘው አደጋ አለው።"

"ትልቁ ነው?"

"ትልቁ ነው።"

ደስ አለው። 

የካቲት 19

ማሽኑን የጫነው ሎሪ አልመጣም። ከቤት አልወጣም። ሞተር በሰማሁ ቁጥር... የቱ ይሆን የመጣው? ማሽኑ ወይስ ፖሊስ?

መጋቢት 1

መጣ። ገጣጠምኩት። እጄ ዘይት ሸተተኝ፤ ከኮሌጅ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ትንሽ ቀረኝ ላለቅስ። ቀስ አድርጌ ከነዳሁት አሸዋውን አይነካም ይሆናል። ለምን አይሆንም? ይሆናል።

መጋቢት 2

ምኑን ልጻፈው።

አማቾቹ ሊመጡ ሲሉ አዘልኩትና ገመዱን ሳብኩ። ተነሣ። ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። ቅጠሉ ፊት ፊቴ ሄደ፤ አሸዋው ባለበት። ልቤ መለስ አለች። ሓጁ ግን እጁን አወናጨፈ። "በቃ? የትልቁ ጉልበት ይሄው ነው?" በር ላይ አማቾቹ ቆመዋል። ጨመርኩ።

አሸዋው እንደ ጉም ተነሣ። ነጭ አንሶላ በለበሱት አልጋዎች ላይ፣ በተከደነውም ባልተከደነውም ሰሃን ላይ፣ በአማቾቹ ጺም ላይ። ሲረግብ ጥቁሩ አፈር ከነስንጥቁ አፍጦ ወጣ። ሐጃ ራሒማ ጫማዋን አንሥታ፣ "ሆሼ የት ሄደ?" አለች። 

ሓጁ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 5

አሸዋ በቅርጫት እየሰበሰብን እንመልሳለን፣ እትዬ ደብሪቱና እኔ። ስለ ዋሱ ጠየቅሁት። "ቡክራ" አለኝ። ነገ ማለት ነው። ትናንትም ቡክራ ነበር።

"ትንሹ ይሻል ነበር አይደል?" አለችኝ እትዬ።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

ቅርጫቷን አስቀምጣ አየችኝ። 

መጋቢት 10

ትናንት ያዙኝ። ከነአሸዋ ቅርጫቴ፣ ከሆሹ በር ላይ። ፖሊስ ግቢ አደርኩ። ሎሪው ቆሟል፣ ስም እየጠሩ ይጭናሉ። ሓጁ ጠዋት መጣ። መጣልኝ።

"ምንህ ነው?" አለው መኮንኑ።

"ጠራጊዬ።"

"በስምህ አንዲት ሐበሻ ጠራጊ አለች። ሁለት አይቻልም። አንዱን ምረጥ።"

ሓጁ እኔን አየ፣ ቅርጫቱን አየ፣ ሎሪውን አየ። "ይሄ ጉልበት አለው" አለ።

ይህን የሚያህል ዓረብኛ አሁን እሰማለሁ። አፍ ነበረኝ። አንዲት ቃል... "የእሷን አትንኩ" ማለት ስንት ቃል ነው? ዝም አልኩ። ማኅተሙ ሲመታ ዝም አልኩ።

መጋቢት 11

እትዬ ደብሪቱ ጓዟን አንጠልጥላ ቤቴ መጣች። ስደተኛ ሰፈር ያለው የእህቷ ልጅ ዘንድ ልትሄድ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ወናፉ አሸዋውን ብቻ የሚያነሣ መስሎህ ነበር?"

"እትዬ..."

"ተው። አየነውን ካገኘሁት ምን ልበልልህ?"

በር ላይ የቀረውን ጫማውን ሰጠኋት።  መጥረጊያዋን በሩ ላይ አስደግፋልኝ ወጣች።

መጋቢት 16

ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነው። ፖሊስ አየውና አለፈኝ። ማሽኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል።

ኒሙ ዛሬም ያረግፋል። መጥረጊያውን በቁመቷ ልክ ነው ያሰረችው፤ እሷ ደግሞ አጭር ነበረች። ቀና ብዬ ልጠርግበት ሞከርኩ። መሬት አይደርስም።