ለጉንደ ወይኗ እናት የነገርኳት

መተማ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ወንድሜ ቢያድግልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቢቸና ገብቻለሁ። የእማዬን ጤፍ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ አጨደልን።

ባለፈው ወር ሞጣ ሆስፒታል ተረኛ ሆኜ፣ ከጉንደ ወይን የመጣችን እናት፣ ነርሶች በስልጠና እንደተማርነው፣ ፊት ለፊት «ልጅሽ ሞቷል» አልኳት። እዚያው ተዘረረች። አብረዋት የመጡት ሽማግሌ «አንቺ እናት የለሽም?» አሉኝ። ያኔ ተናደድኩባቸው። አሁን ይህን ወረቀት እየጻፍኩ እየቀደድኩ ሳለ ፊታቸው ይመጣብኛል፤ አፍራለሁ።

እማዬን ትንሽ አሟታል። ገናን አትጠብቅ፣ ነገ ተሳፈር፤ ጓደኛህ ደሴም አብሮህ ይምጣ። መነኸሪያ አጎቶቻችን ይቀበሉሃል። ዘመዶችህ ሁሉ ናፍቀውሃል፤ መንገድህን ያቅናልህ።

ፀጉሬን ተቆርጫለሁ፤ ስታየኝ አትደንግጥ።

እህትህ እፀገነት