ጋድ ስለጾመችው መኪናዎ እና ስለታሸገው ላቫጆዬ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መሐል ሜዳ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉንፋኑ ለቅቆዎት፣ ወገብዎም በኋላ በር ሾልከው ከገቡበት ከዚያ ማለዳ ድካም አገግሞ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንዲያነቡት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በከተማችን መውጫ ላይ ከእህቴ ከገበያነሽ ጋር ላቫጆ ከፍቼ ዘጠኝ ዓመት መኪና ያጠብኩት ጌታነሽ ወሰኔ፣ ከውርጩና ከእርስዎ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የጽሕፈት ቤትዎን ስም ያልጠቀስኩት ፈርቼ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ቀለም ላለማባከን ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ጥር 14 ቀን በጻፉልኝ ደብዳቤ «ለመድረስ አስቸጋሪ የሆኑ የተሽከርካሪ ውጫዊ ክፍሎችን በአግባቡ ባለማድረቅ የመንግሥትን ሥራ ስላስተጓጎሉ» ብለው ላቫጆዬን አሽገዋል፤ እስከ የካቲት 1 ቀን በቂ ምላሽ ካልሰጠሁም ቦታው ለሌላ ሥራ ፈላጊ እንደሚተላለፍ አስታውቀውኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣራውና ኮፈኑ ካብለጨለጨ ከዚያ በታች ዝቅ ብሎ የሚያይ ደንበኛ አጥቼ ስኖር፣ የሙያዬን ዋና ቁም ነገር በማኅተም ያጸደቀልኝ ሰው በመገኘቱ ደስታዬ ወሰን የለውም። በቂ ምላሽ ያሉትም እነሆ።

1ኛ. ውኃ የት የት እንደሚሸሸግ ክቡርነትዎ ስለሚያውቁ ለአንባቢ ብቻ እዘረዝራለሁ፤ ከስፖኪዮው ጀርባ፣ ከበሩ እጀታ ውስጥ፣ ከጣራው ፖርቶመጋላ ሥር፣ ከታርጋው ኋላ፣ ከነዳጅ መሙያው ክዳን ሥርና ከሁሉም በላይ በበሩ ዙሪያ ካለው ላስቲክ፣ ከጎሚኒው እጥፋት። እነዚህን የማደርቀው በቀጭን እንጨት ላይ በጠመጠምኩት የአሮጌ ባና ብርድ ልብስ ቁራጭ ነው፤ የመንዝ በግ ጠጉር ውኃ ሲጠጣ የትኛውም የሱቅ ጨርቅ አይደርስበትምና። ቁልፍ ማስገቢያውን በብስክሌት መንፊያ እነፋዋለሁ፤ ከዚያም ሾፌሩ መኪናውን ትንሽ ነድቶ ፍሬን እንዲይዝ አደርግና የቀረው ውኃ ሲንጠባጠብ እንደገና እጠርጋለሁ። ውኃ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ደጅ ላይ ቆሞ ወሬ እንደሚጀምር እንግዳ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ሸኘሁት ብሎ መተው አይቻልም። የእርስዎንም መኪና ጥር 10 ቀን ያደረቅኩት እንዲሁ ነው።

2ኛ. በዚህ ውርጭ ጎሚኒው ከበሩ ብረት ጋር እንዳይጣበቅ መጨረሻ ላይ ሞራ በስሱ እቀባዋለሁ። ያን ቀን ግን ሾፌርዎ አቶ ገብረ ክርስቶስ እያፈሩ እንደነገሩኝ፣ ዕለቱ የጥምቀት ዋዜማ የጋድ ጾም ስለሆነ ሞራ የሚባል ነገር የኃላፊው መኪና ዘንድ እንዳይደርስ እርስዎ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥተው ኖሯል። የኑግ ዘይት ልቀባላት ብዬ ብለምንም ዘይት የሱፍ ልብስ ያበላሻል ተባልኩ። እኔ ምስኪኗ እስከዚያች ቀን ድረስ መኪና የነፍስ አባት እንዳላት አላውቅም ነበር። ይሁንና ጾሙ እንዲህ ከጠነከረባት፣ ገና በሦስት ሰዓት ማደያ ቆማ ናፍጣ ስትጠጣ ምነው ዝም አሏት?

3ኛ. በማግስቱ በጥምቀተ ባሕሩ መምሬ መኳንንት እንደ ማንኛውም ምእመን መኪናዎንም ረጨት አድርገው ሲያልፉ፣ ክቡርነትዎ ድርሻዎ ስላነሰብዎት ሁለት ጀሪካን ጠበል አስቀድተው ከጣራዋ ጀምሮ በየበሩ ስንጥቅ አስፈሰሱባት። አቶ ገብረ ክርስቶስ ጨርቅ ቢያወጡም ጠበል አይጠረግም ብለው በሕዝብ ፊት ገሠጿቸው። እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ጠበል ከገላ ላይ እንደማይጠረግ አውቃለሁ። ገላ ግን ሙቀት አለው፤ የላንድክሩዘር በር የለውም።

4ኛ. ጥር 12 ማለዳ፣ ሕዝቡ የሚካኤልን ታቦት ሊያስገባ ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ እርስዎም ለስብሰባ ወደ ደብረ ብርሃን ሊወርዱ ሲሉ በየስንጥቁ የገባው ጠበል በሌሊቱ ውርጭ ረግቶ አራቱም በሮች እንደ ድንጋይ ደርቀው ጠበቁዎት። በብዙ ትግል የተከፈተው የኋላው የዕቃ በር ብቻ ስለነበር፣ ክቡርነትዎ ከነሙሉ ልብስዎ በዚያ በኩል በደረትዎ ገብተው፣ በወንበሮቹ ላይ ተሻግረው ሥፍራዎን ያዙ። በዚያች ቅጽበት የተሰማው እልልታ ለታቦቱ ይሁን ለእርስዎ እስካሁን አልተለየም።

5ኛ. እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ላቫጆውን ላሽገው ሲሉ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ አጠገብዎ ያሉት ሾፌርዎ እንኳ አልተጠየቁም። በረዶ ውኃ ሲነኩ ውለው የተሰነጣጠቁ የእኔና የእህቴ እጆች ሌላ መተዳደሪያ አያውቁም። ገበያነሽ ታቦት ስታጅብ ባየችው ስቃ ይሆናል፤ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ፤ ለሳቃችን ቅጣት ካለው እንቀበላለን። ባላጠፋሁት ጥፋት ሙያዬን የማላውቅ ተብዬ በማኅተም መሰደቤ ግን ያንገበግበኛል፤ አልቅሼበታለሁም።

ስለዚህ ከየካቲት 1 በፊት አቶ ገብረ ክርስቶስና መምሬ መኳንንት ተጠይቀው እውነቱ እንዲወጣና ላቫጆዬ እንዲከፈት፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ፣ ማለትም ታርጋ ለማድረቅ እንደምጎነበሰው ያህል ጎንበስ ብዬ፣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የክቡርነትዎን የሥልጣን ዘመን እግዚአብሔር ያርዝመው፣ በሩንም ክፍት ያድርግልዎ ዘንድ የምትጸልይ፣ የመኪናዎን ስውር ጓዳ ሁሉ የምታውቅ ታዛዥዎ፣

ጌታነሽ ወሰኔ

ግልባጭ፦
ለአቶ ገብረ ክርስቶስ (እንዳይደነግጡ)
ለመምሬ መኳንንት (እንዲያዝኑልን)
ለመኪናዋ (ከጾም ስትፈታ)

ማሳሰቢያ፦ ሠራተኞችዎ የእሸጋውን ወረቀት የለጠፉት ጤዛ የወረደበት እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሳይጠርጉ ስለነበር፣ ትናንት ጠዋት ስመጣ ወድቆ አገኘሁት። እሸጋ ቀደደች እንዳልባል ቆርቆሮውን ከነጎድጓዳው በባናዬ አድርቄ፣ ማዕዘኖቹንም ሳልረሳ፣ ወረቀቱን በገዛ እጄ መልሼ ለጥፌዋለሁ። ሊከፍቱ ሲመጡ መፋቂያ ይዘው ይምጡ፤ እኔ ያደረቅኩት ቦታ ላይ የተለጠፈ ነገር በቀላሉ አይላቀቅም።