ከውስጥ የሚከፈት ተጎታች

ሰኞ፣ የካቲት 3

አባባ ዛሬም ተጎታቹን ገብተው አላዩም። "አይቼዋለሁ" ብቻ። ከየት አይተውት? ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የሚውሉት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ምናልባት ለራሴም ይገባኝ ይሆናል። ባለቤቴ ይበልጣል ከሦስት ሳምንት በፊት ከዳንግላ አንድ አሮጌ የወታደር ተጎታች በፒክአፑ ጎትቶ መጣ። አንድ ሰውዬ ግቢ ውስጥ ድርቆሽ ሲከመርበት የኖረ ነው። ሁለት ጎማ፣ ወፍራም ብረት፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንደ ቅርፊት የሚረግፍ።

"አልጋ እሠራበታለሁ። ልጆቹን ይዘን ዘንገና ሐይቅ ዳር እናድራለን" አለኝ።

ሐይቁ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ከእንጅባራ ተነስተን ሻይ ሳይበርድ እንደርሳለን። እዚያ ለማደር ቤት ተሸክሞ መሄድ ምን ይሉታል? ስጠይቀው "እዚህ ቤት ሆነን አብረን አይደለንማ" አለ። መጀመሪያ መልስ አልመሰለኝም። በኋላ ሳስበው እሱ ከብየዳ ቤቱ፣ እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ልጆቻችን ህሊናና ቤዛም ከየክፍላቸው እንመለስና አራታችንም ስልክና ቴሌቪዥን ላይ እናፈጣለን። 

የአባባ ነገር ግን አልገባኝም። የይበልጣል አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የወታደር መኪና ሾፌር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው። ከሁላችን በላይ እሳቸው ይደሰታሉ ብለን ነበር። ተጎታቹ ግቢ የገባ ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ቀሩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የዓመቱ አጋማሽ እረፍት ስለሆነ እኔም ሠራተኛ ሆኛለሁ። የቀረው ሥራ፦

የወለሉ ኮምፔንሳቶ (ግማሹ ገብቷል)
የልጆቹ አልጋ፣ ተደራራቢ
ጣሪያው ላይ ላሜራ
የኋላ በር
ፍራሽ መስፋት (እኔ)
ቀለም። ቤዛ ሮዝ ትላለች፣ ህሊና ሮዝ ከሆነ አልሄድም ትላለች።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ብየዳው ቆመ። ይበልጣል የአልጋውን ርዝመት ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለት የተለያየ ቁጥር አገኘ። እኔ ስለካው ሦስተኛ ቁጥር መጣ። ሜትሩ ጫፉ ተቆርጦ ኖሯል። እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ከሰዓት መብራቱ ሲመለስ በሩ ተገጠመ። አባባ እራት ላይ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ "በሩ በየት በኩል ነው የሚዘጋው?" ብለው ጠየቁ። ይበልጣል ደስ ብሎት መቀርቀሪያውን አብራራ። ስለ ተጎታቹ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ተነሱ፤ በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። እኔ ቋንቋውን በግማሽ ነው የምሰማው። ይበልጣልን ብጠይቀው እሱም አልያዘውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጠዋት ይበልጣልና እኔ ለተጎታቹ ሰሌዳ ለመጠየቅ መንገድ ትራንስፖርት ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ትሁት ናት፤ ግራ የተጋባችው ግን እንደኛው ነው።

"የጭነት ነው የሰው?"

"የሚተኛበት ነው" አለ ይበልጣል።

"ሲሄድ ሰው አለበት?"

"የለም። ከቆመ በኋላ ነው ሰው የሚገባው።"

"እንግዲያ ሲሄድ ምኑን ነው የጫነው?"

"አልጋ።"

እስኪርቢቶዋን አስቀመጠች። አለቃዋን ጠይቃ እንደምትደውልልን ነገረችን። እስካሁን ሲሄድ ባዶ መሆን እንዳለበት ብቻ ነው የገባኝ።

ቤት ስንደርስ የበሩ መቀርቀሪያ የለም። ትናንት የተበየደው፣ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። መዶሻውና መሮው አጠገቡ። ይበልጣል ልጆቹን ጠርቶ መቆጣት ሲጀምር አባባ ከበረንዳ ሆነው "እኔ ነኝ" አሉ።

"ለምን አባባ?"

"ከውጪ አድርገህ ሠራኸው።"

"ሌባ እንዳይገባ ነው እኮ።"

"ከውስጥ አድርገው። ካልሆነ በር አይኑረው።"

ክፍላቸው ገብተው ዘጉ። ይበልጣል መዶሻውን እያየ ቆመ። "አእምሯቸው እየደከመ ይሆን?" አለኝ ቀስ ብሎ። እኔም ያንኑ እያሰብሁ ነበር፤ ግን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ የቤዛን ሒሳብ ያርማሉ። የደከመ ሰው ሒሳብ ያርማል?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ይበልጣል ጠዋት "እሸጠዋለሁ፤ ካልሆነም ቆራርጬ በር እሠራበታለሁ" ብሎ ወጣ። ህሊና ሰምታ አለቀሰች። ሮዝ ከሆነ አልሄድም ያለችው ህሊና።

እኔ ፍራሹን ይዤ በረንዳ ላይ ከአባባ አጠገብ ተቀመጥሁ። ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ ግን አልጠየቅሁም። መስፋት ጀመርሁ። ራሳቸው ማውራት ጀመሩ።

"የሰፈራው ጊዜ ነው። ከወሎ በድርቁ የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ ወደ ቆላ የሚወርዱ። በጫግኒ በኩል እናወርዳቸው ነበር። መኪናው ሞላ። ተጎታቹ የዕቃ ነበር፤ እንደዚህ ያለ ነው፣ ልክ እንደዚህ። አለቃዬ የቀሩትን እዚያ ጫናቸው አለኝ።"

መርፌዬን አቆምሁ።

"እንዳይዘሉ ሸራውን ከውጪ እሰረው አለኝ። አሰርሁት። ቁልቁለቱን ስንጀምር ብረቱን መደብደብ ጀመሩ። ሙቀቱ ነው። መቆም ክልክል ነበር።"

"አልሰሙ ይሆናል አባባ" አልኋቸው። ለምን እንዳልሁ አላውቅም።

"ሰማሁ እንጂ ልጄ። ሰምቼ ነው ያልቆምሁት።"

ሲደርሱ ሸራውን የፈቱት እሳቸው ናቸው። አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ከሁሉም ኋላ ወረደች። ሕፃኑ አይንቀሳቀስም። ኮዳቸውን ሰጧት፣ ተቀበለቻቸው። ወዲያው ሌላ ጭነት አለ ተብለው ተመለሱ። ሕፃኑ ይትረፍ አይትረፍ አያውቁም። ለባለቤታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም።

"አሁን የልጅ ልጆቼን እዚያ ውስጥ አስተኝቶ ከውጪ ሊቀረቅር" አሉ።

 አዘንሁላቸው። አዘንሁባቸውም። ሁለቱን በአንድ ልብ እንዴት እንደምይዝ አላወቅሁም። ፍራሹን መስፋት ቀጠልሁ፤ አሁን ሳየው ስፌቱ ጠማማ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ለይበልጣል ነገርሁት። አባባ "ንገሪው፣ እኔ አልችልም" ብለውኛል።  ብየዳ ቤቱ ሄዶ እስከ ምሳ ቆየ፤ ሥራ ግን አልሠራም፣ ጎረቤቱ ነገረኝ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የዋለው።

ከምሳ በኋላ መጥቶ አዲስ መቀርቀሪያ ከውስጥ በየደ። ከዚያ አባባ ፊት ቆመና "ሌላስ?" አላቸው። 

አባባ ተነሱ። መጥተው የተጎታቹን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ጠመኔ ጠይቀው በግራና በቀኝ ጎን አንዳንድ አራት ማዕዘን ሣሉ። "እዚህ መስኮት። የተኛ ሰው ውጪውን የሚያይበት" አሉ። ይበልጣል መቁረጫውን አነሳ።

አባትና ልጅ እስኪመሽ አብረው ሠሩ። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ታርቀዋል ማለት ነው? ተጣልተው ነበር ወይ? እኔ እንጃ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ትናንሽ ድሎች፦ ፍራሹ ልክ ገባ። መስኮቶቹ ይከፈታሉ። ቀለሙ ቢጫ ሆነ፤ ማንም ያልጠየቀው፣ ማንም ያልተቃወመው። የመዝገብ ቤቷ ልጅም ደወለች፦ ሰው ሳይኖርበት እስከ ሐይቁ መሄድ ይችላል፣ የቀረውን በኋላ እናያለን።

አባባ የጎማውን ባሌስትራ፣ ከፒክአፑ የሚያያዝበትን ጋንቾ፣ የመብራቱን ገመድ አንድ በአንድ ፈተሹ። ከዚያ "ነገ የምነዳው እኔ ነኝ" አሉ። መሪ ከያዙ ዓመታት አልፈዋል። ይበልጣል አየኝ፤ እኔም አየሁት። ማናችንም እምቢ አላልንም። አሁን ስጽፈው ይቆጨኛል።

እሁድ፣ የካቲት 9

የምጽፈው ከዘንገና ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ።

አባባ ነዱ። የዲከረንሱ ዛፍ ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣ ፒክአፑ እየተንፏቀቀ፣ ባጃጆች እየቀደሙን። ሁለት ቦታ ያለ ምክንያት ቆሙ፣ ወርደው ተጎታቹን ከፍተው ባዶነቱን አዩ፣ ተመልሰው ነዱ። ልጆቹ ለምን ብለው አልጠየቁም። ሳይገባቸው አልቀረም፤ ወይም ምንም አልገባቸውም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ልጆቹ ተጎታቹ ውስጥ ዘለው ገቡ። ጦጣዎቹ ቢጫውን ነገር ሊያዩ መጡ። ቤዛ በመስኮቱ "አባባ ይግቡ፣ ውሃው ከዚህ ይታያል" አለቻቸው። ደጋግማ ጠራቻቸው። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ብዙም አልቆዩ፤ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው።

"ከጾሙ በፊት ወደ ቆላ ልወርድ ነው" አሉኝ።

"በተጎታቹ?"

"አይደለም። እሱ የልጆቹ ነው። እኔ በአውቶቡስ፣ እንደ ሰው ተሳፍሬ።"

"የሴትዮዋን ስም ያውቁታል?"

"አላውቅም። መንደሩን ግን አውቀዋለሁ። የተረፈ ካለ ልጠይቅ።"

መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን፣ በሕይወት ትኑር አትኑር፣ ብትኖርስ ምን ሊሏት ነው? ይህን ሁሉ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሁለት ቲኬት ይቁረጡ" አልኋቸው።

ይበልጣል እሳት እያነደደ ነው። እስካሁን አልነገርሁትም። እኔም ለምን እንዳልሁት በደንብ አላውቅም።