ፈረስ የበላው ገብስ ስንት መዘነ?

ቀን፦ የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ የተማሪዎች የሙከራ ገብስ ሳይመዘን በፈረስ ተበልቶ ሳለ፣ ምርቱን በኪሎ ጽፈው በተሸለሙት ሱፐርቫይዘር ላይ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ሆይ፤

አመልካች አሲያ ሙደሲር እባላለሁ። ወደ ዘንገና መውጫ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ከአሁን በፊት ለማንም ቢሮ አመልክቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ ሦስት ወር አልፎት አልበረደም፤ ስለዚህ ታስቦበት እንደተጻፈ ቃል እንዲቀበሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. የነገሩ መነሻ ዘውድነሽ ባንተአምላክ የምትባል ተማሪዬ ናት። በ2014 ዓ.ም. በአሲድና ቤዝ ፈተና ከመቶ ዘጠና አራት አመጣች። ኖራ አሲድን እንዴት እንደሚያበርድ በቀመር ስታስቀምጥ አንዲት ቁጥር አልሳተችም። ወረቀቱን ስመልስላት ግን የአባቷ ማሳ አፈሩ ኮምጥጦ ገብሱ ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ እንደሚቀር አጫወተችኝ። የጻፈችው መልስና የአባቷ ችግር አንድ ነገር መሆኑን አላወቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከዚያ ቀን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ አንድም ተማሪ አፈር አስነክቼ አላውቅም ነበር።

2. ርእሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ለሙከራ ፈቀዱልን። የዘውድነሽ አባት አያ ባንተአምላክ በበሬዎቻቸው አረሱልን። ተማሪዎቹ መሬቱን በገመድ ለሁለት ከፍለው በሚያዝያ ወር በአንደኛው ወገን ብቻ ኖራ ቀላቀሉ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። በሰኔ በሁለቱም ላይ ገብስ ዘሩ። በየሳምንቱ ቁመቱን እየለኩ በመዝገብ ጻፉ። የአያ ባንተአምላክ ጎረቤቶች ገብሱን እየተዉ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተክለዋል። እሳቸው ግን የተማሪዎቹን ውጤት ሳያዩ እንደማይወስኑ ነገሩኝ። ኖራው ካዋጣ ማሳቸው ለገብስ ይቆያል፤ ካላዋጣ ዛፍ ይተከልበታል። አጨዳው ለኅዳር 21 ተቀጠረ። ሚዛን አባቴ ከዳንግላ ሱቃቸው በሚኒባስ ላኩልኝ።

3. ኅዳር 11 ቀን የአካባቢያችንን ትምህርት ቤቶች የሚቆጣጠሩት የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር አቶ ክንዴ ይኸነው ስልክ ደውለው ገብሱ እንዲታጨድ አዘዙ። በማግስቱ ለሚካሄደው ጉባኤ የድንኳን ቦታ ፈልገው ነበር። ዐሥር ቀን ብቻ እንዲታገሡን ለመንኳቸው። መልሳቸው፣ «ገብስ አይደል እንዴ? ገበያ ሙሉ አለልሽ» የሚል ነበር።

የጥበቃ ሠራተኞቹ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ አጭደው፣ እንግዶቹን ሊቀበሉ ለመጡት ፈረሰኞች አደሉት። አያ ባንተአምላክም ከፈረሰኞቹ አንዱ ነበሩ፤ የየት ገብስ እንደሆነ ሳያውቁ ለፈረሳቸው ሰጡት። በፈረሶቹ አልፈርድም።

በድንኳኑ መግቢያ ላይ የጉባኤው ርዕስ በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል፦ «ንድፈ ሐሳብን ከተግባር ማስተሳሰር»። አቶ ክንዴ በዚሁ ርዕስ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገሩ። ወንበር የደረደሩት ገብሱን የዘሩት ተማሪዎቼ ናቸው። እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ የታጨደው ገብስ ሥር ከጫማዬ በታች እየቆረቆረኝ አጨበጨብኩ። ያን ማጨብጨቤን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

4. በጥር ወር የአቶ ክንዴ ሪፖርት በየትምህርት ቤቱ ተበተነ። ገጽ 7 ላይ «ኖራ በተደረገበት 41 ኪሎ፣ ባልተደረገበት 23 ኪሎ ምርት ተገኝቷል» ይላል። ፎቶግራፉ የእኛ ማሳ ነው፤ የተማሪዎቼ ስም ግን የትም የለም። በዚህ ሪፖርት ካባ ተሸለሙ። ለአያ ባንተአምላክ ሳነብላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «መምህርት፣ ፈረሴ የበላውን ገብስ ማን መዘነው?»

በመጪው ክረምት ማሳቸው ላይ ዲከረንስ ሊተክሉ ችግኝ አዘዋል፤ ከእንግዲህ ከትምህርት ቤት የወጣ ቁጥር አልሰማም ብለዋል። ዘውድነሽም የልኬት መዝገቧን መልሳልኛለች።

ክቡር ኃላፊ፣ የተጻፈው ቁጥር ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም፣ ተማሪዎቼ አያውቁም፣ ጻፊውም አያውቁም። ለማወቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረን።

5. ይህንኑ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስናገር «ተማሪ ከክፍል እያስወጣች ክፍለ ጊዜ ታባክናለች» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ከዚያም አቶ ክንዴ ሽማግሌ ላኩብኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዳንግላ ድረስ ያስመጧቸው የገዛ አባቴ ነበሩ። አባቴ ሰው ይሳሳታል፣ አንቺም የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ እርቁን ተቀበይ አሉኝ። እኔም አቶ ክንዴ በተማሪዎቼ ፊት ቆመው «አልመዘንኩም» ካሉ እታረቃለሁ አልኩ። ይህችን አንዲት ቃል እንቢ አሉ። አባቴ ያዘጋጀሁትን ምሳ ሳይቀምሱ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልክ አያነሡልኝም። ይህንንም በአቶ ክንዴ ላይ ይዤባቸዋለሁ።

6. ካሣ አልጠይቅም። ካባውንም አልፈልገውም። የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ/ ገብሱ የተመዘነበት ቀን፣ የመዘነው ሰው ስምና የተመዘነበት ሚዛን በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቀርብ፤

ለ/ ይህን ማቅረብ ካልቻሉ፣ አቶ ክንዴ ያንኑ መሬት በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ኖራውን ቀላቅለው፣ በሰኔ ዘርተው፣ አርመውና አጭደው እንዲያስመዝኑ በደብዳቤ እንዲታዘዙ። የቀን ሠራተኛ እንዳይቀጥሩ። በአረም ወቅት ስብሰባ፣ የመስክ ሥራም ሆነ የወገብ ሕመም ምክንያት እንዳይሆንላቸው። ሥራቸውን ተማሪዎቼ ከመቶ ያርሙላቸዋል፤ አያ ባንተአምላክም ባሻቸው ቀን መጥተው ያያሉ፤

ሐ/ ውጤቱን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዕስ ሥር፣ የተሸለሙትን ካባ ለብሰው በራሳቸው አንደበት እንዲያነቡ።

ይህ በቀል ነው የሚል ሰው ይኖራል። አዎ፣ በቀል ነው። መዳፋቸው ውኃ እንዲቋጥር እፈልጋለሁ። በሐምሌ ዝናብ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሳለ ተማሪዎቼ በመስኮት እንዲያዩዋቸው እፈልጋለሁ። ገብሱም በደረሰ ጊዜ፣ የራሳቸው ገብስ ስለሆነ፣ ፈረስ ሲጠጋው ዱላ ይዘው እንዲሮጡ እፈልጋለሁ። ይህን በስልጠና የሚያስተምራቸው አላገኘሁም።

ኖራ የሚቀላቀልበት ጊዜ ስለደረሰ ውሳኔዎ ከመጋቢት 15 እንዳይዘገይብኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አሲያ ሙደሲር
የኬሚስትሪ መምህርት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለአቶ ባንተአምላክ (ዘውድነሽ ታነብላቸዋለች)
ለአቶ ክንዴ ይኸነው (አንድ አካፋና አንድ ዶማ በስማቸው ከዕቃ ግምጃ ቤት በሞዴል 22 ወጪ እንዲሆን ተዘጋጅቷል፤ መጥተው ይፈርሙ)