ፊልም ላይ አባትየው ይደርሳል

ማክሰኞ

"ጋሼ፣ ቀና አትበል አልኩህ!"

ዛሬ ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ሲያስነጥሰው ቀና ይላል፣ ስልክ ሲጮህ ቀና ይላል፣ በር ሲንኳኳ ቀና ይላል። ዶክተሯ ትናንት ኦፕራሲዮን ስታደርገው ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ሞልታበታለች። ጋዙ የተላቀቀውን ሬቲና፣ የዓይኑን የውስጥ ስስ ሽፋን፣ ወደ ኋላ ገፍቶ እስኪያጣብቀው ድረስ ሳምንቱን ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ መቆየት አለበት። ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲያወራም። ማሳጅ ቤት እንዳለው ዓይነት ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ወንበር ተከራይተንለታል። እዚያ ላይ ተደፍቶ ምንጣፉን ያያል። ያያል ልበል እንጂ አያይም።

ቀኝ ዓይኑ ነው። ግራው ከልጅነቱ ጀምሮ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አልፎ አያውቅም። ያለው ዓይን ይሄ አንዱ ነው።

መብረቅ የመሰለ ነገር ብልጭ ሲልበት ሰነባብቷል። ከዚያ ከጎን በኩል ጥቁር መጋረጃ መጣ። እሱ ግን መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፣ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው፣ "ይለቀኛል" ብሎ ጠበቀ። ዶክተሯ "ቶሎ መጥተህ ቢሆን" ብላ ጀምራ ሳትጨርሰው ተወችው። እኔ ግን ጨርሼ ሰማሁት።

ወንድሜን ላስታምም ቫኬሽኔን ወስጄ ከሳን ሆዜ መጥቻለሁ። ሶፋው ላይ ነው የምተኛው። የኦክላንድ አፓርታማው እንደነበረ ነው፣ መደርደሪያውም እንደዚያው፤ የቤዝቦል ፊልም ብቻ። በዲቪ መጥቼ እሱ ጋ ስኖር ቅዳሜ ቅዳሜ እያሳየኝ እንግሊዝኛ የለመድኩት በእነሱ ነው። እሱ ራሱ አንድ ቀን ኳሷን በእጁ ይዞ አያውቅም። ስታዲየም ገብቶም አያውቅም። ፊልሙን ግን ይወዳል።

ሐናን ኮል ላድርግላት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁን ማለቴ ነው። "ተያት፣ ፈተና ላይ ናት" አለኝ። ፈተና ላይ እንደሆነች በምን አወቀ? ከተገናኙ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ረቡዕ

ለሐና ቴክስት አደረግኩላት። ሳልነግረው። "አባትሽ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ ደህና ነው" ብዬ። "ኦኬ" ብላ መለሰች። ሌላ ምንም የለም።

ዛሬ የተሳኩ ነገሮች፦ ሾርባውን በስትሮ ጠጣ። ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቄ አደረግኩለት። አንገቱን አሸሁት።

ያልተሳካው፦ ፊልሙ።

ሰለቸኝ ሲል የሚወደውን ከፈትኩለት፤ አሣ አጥማጆች ባሉበት ትንሽ ከተማ ስለሚጫወት ያረጀ ካቸር ነው። ካቸር ማለት ከሚመታው ሰው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበለው ነው። ጋሼ ድምፁን ይሰማል፣ የሚታየውን እኔ እነግረዋለሁ።

"አሁን ምን ሆነ?"

"ሰውየው ወረወረ።"

"እንዴት አድርጎ?"

"በእጁ ነዋ።"

ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ቀና እንዳይል ራሱን ያዝኩት። ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ሆኖም እየቆየ እኔ የምነግረው እሱ የሚያውቀው ፊልም እየሆነለት አልነበረም። "ተይው ቲጂ" አለኝ መጨረሻ ላይ፣ ቀስ ብሎ። ምናለ ያኔ ደህና አድርጌ አይቼው ቢሆን። እኔ እኮ ያኔ ከሥር የሚጻፈውን ነበር የማነበው።

ሐሙስ

መጣች!

በር ስከፍት ቆማለች፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻ አንጠልጥላ። በሩ ላይ ሳላውቃት ልቀር ነበር። ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አሳጥራ ተቆርጣለች። እዚሁ ቅርብ ካለችው ከአልባኒ በሁለት አውቶቡስ ነው የመጣችው፤ እዚያ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። እናትና አባቷ ከተለያዩ ወዲህ ሐና ከእናቷ ጋር ሪችመንድ ነበር ያደገችው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ የምጽፈው ወደ አማርኛ መልሼ ነው።

"ሃይ፣ ዳድ" አለችው ከበሩ።

ቀና ሊል ሲል ሁለታችንም እኩል ጮኽን።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ያንኑ የካቸሩን ፊልም ከፈትን፣ እሷ መንገር ጀመረች። እንዴት እንደምትነግር! "ጣቶቹ ተሰባብረው ስለዳኑ ቀጥ አይሉም። ለወርዋሪው ምልክት ሲሰጥ ሁለት ይሁን ሦስት አይለይም። ወርዋሪው ግራ ገብቶታል፣ ዓይኑን አጥብቦ እያየው ነው።" ጋሼ በቀዳዳው ውስጥ "እህ፣ እህ" ይላል። እኔ ያን ፊልም ስንቴ አይቼ ጣቶቹን አላየሁም ነበር።

ይሄኛው ጥሩ ነው አለች። ሰውየው ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጣቶቹን በፕላስተር ሲጠቀልል ሙዚቃ የለም፣ ማንም ምንም አይልም፤ ለዚህ ነው ጥሩ የሆነው አለች። መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዱን አንስታ ደግሞ "ይሄ ቆሻሻ ነው" አለች። ተጫዋቹ በዶፍ ዝናብ መሃል ሜዳ ተንበርክኮ ልጅቷን አግቢኝ የሚልበት ነው። "በዚያ ዝናብ ጨዋታው ተቋርጦ ሁሉም ቤቱ ገብቷል። ሲወረውርስ ክርኑን አይታችሁታል? ኳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው።" እኔና ጋሼ ሳቅን። ምናለ እዚያ ሳቃችን ላይ ባቆምን።

ጋሼ ግን "ያንን የአባትየውን ክፈቱት" አለ።

አባትየው ሩቅ አገር እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራል። ልጁ ይጫወታል። መኪናው መንገድ ላይ ይበላሻል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደርሶ ኮፍያውን አውልቆ ከሽቦ አጥሩ ኋላ ይቆማል። ልጁ ያየዋል። ሙዚቃው ይጀምራል። ጋሼ እዚህ ጋ ሳያለቅስ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬም ሐና "አጥሩ ጋ ደረሰ" ስትለው በአፍንጫው ሲስብ ሰማነው።

ሐና አጠፋችው።

"ለዚህ ልጅ ታለቅሳለህ" አለችው። ድምፅዋ አልጮኸም። "እኔም እኮ እጫወት ነበር፣ ዳድ። አራት ዓመት ሙሉ ሶፍትቦል ተጫወትኩ። አንድ ቀን አልመጣህም።"

"ሥራ ነበረኝ፣ የእኔ እናት..."

"ሁሉም ቅዳሜ?"

ሁሉም ቅዳሜ እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ።

"የዚህ ፊልም መጥፎነቱ ምን እንደሆነ ልንገርህ?" አለች ቦርሳዋን እያነሳች። "ሁልጊዜ ይደርሳል።"

በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ዓርብ

ከቸርች መጡ፤ ፓስተሩና ሁለት እህቶች። ሁላችንም ቆመን ስንጸልይ እሱ ብቻ በግንባሩ ተደፍቷል። አንደኛዋ እህት ስትወጣ "እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ጋሼ ሾርባውን ግማሹን ተወው። ከሰዓት በኋላ ጠብታውን ላደርግለት ስጠጋው፣

"የት ቦታ ነበር የምትጫወተው?" አለኝ።

"ማን?"

"ሐና። ሜዳው ላይ። ወርዋሪ ነበረች? ካቸር?"

አላውቅም አልኩት። እውነት አላውቅም። እኔ አክስቷ ነኝ፤ እኔም አልሄድኩም። ግን እኔን ማን ጠበቀኝ? ስትጫወት አጥሩን እያየች የጠበቀችው እሱን ነው።

ኮል አደረግኩላት። አላነሳችም። "ደግመሽ ደውዪ" አለኝ። ደገምኩ። አላነሳችም። ለሦስተኛ ጊዜ ልደውል ስል "ተያት" አለ፤ የማክሰኞው ዓይነት "ተያት" አልነበረም።

የፈራሁት፦ ሬቲናው ላይጣበቅ ይችላል። እንደተደፋ ሲያለቅስ ይጎዳው ይሆን? ነርሷን ደውዬ ጠየቅኳት፣ ማልቀስ ችግር የለውም አለችኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት መጣች። ኮል እንዳላየች ሆና፣ "ላውንድሪ አለ?" ብላ ገባች። አንሶላውን ሰብስባ ወረደች፣ ስትመለስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ፊልም እንክፈት ያለ የለም።

ከዚያ ጋሼ ተናገረ። ለምንጣፉ ነው የተናገረው፣ ሌላ ምርጫም አልነበረውም።

"ሐንዬ። ሥራ የነበረኝ ቀን ነበረ። ያልነበረኝም ቀን ነበረ። እናትሽና ባሏ አሉ፣ እዚያ ሄጄ ከማን ጎን እቀመጣለሁ እል ነበር። የሚቀጥለውን እሄዳለሁ እል ነበር። ቢቀር ቢቀር መጨረሻው ላይ እደርሳለሁ እል ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚባል ያለ መሰለኝ። እሱ ግን ሳይነግረኝ አለፈ።"

ሐና ተነሳች፤ ልትሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሄዳ በጀርባዋ ተኛች። ወንበሩ ሥር ምንጣፉ ላይ፣ ፊቷ በቀዳዳው ልክ ከፊቱ ትይዩ። እሱ አያያትም፤ ቀኙ ጋዝ ነው፣ ግራው ጥላ ነው። እሷ ግን ታየዋለች።

"ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አይደለም" አለ። "የመጨረሻውን ጨዋታ ንገሪኝ። ፊልሙን እንደነገርሽኝ።"

"ጥሩ ጨዋታ አልነበረም።"

"ንገሪኝ።"

ነገረችው። ሪችመንድ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ። ከነዳጅ ማጣሪያው በኩል ነፋስ ይመጣል፣ አቧራው ዓይን ያስጨፍናል። ወላጅ የመጣው ትንሽ ነው። እሷ ሦስተኛው ቤዝ ጋ ቆማለች፤ ሯጮቹ ነጥብ ከማግባታቸው በፊት የሚረግጡት የመጨረሻው ማዕዘን ነው። "እዚያ ነበርኩ ሁልጊዜ፤ ሦስተኛው ቤዝ" አለችው፣ እሱም "ሦስተኛው ቤዝ" ብሎ ደገመው። ኳስ ወደሷ ተንከባለለች። ቀላል ኳስ ናት። አጎነበሰች። በእግሮቿ መሃል አለፈች። ከተቃራኒው ቡድን ሁለት ልጆች ሮጠው ገቡ፣ እነሐና ተሸነፉ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጓንቲዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ።"

"ከዚያስ?"

"ማሚ ታኮ ገዛችልኝ። በላሁ። አበቃ።"

"አለቀስሽ?"

"መኪና ውስጥ" አለች። ይህቺን ብቻ በአማርኛ።

ያን ጊዜ እንባው ወደቀ። ጉንጩ ላይ የሚወርድበት መንገድ የለውም፤ ከግራ ዓይኑ ቀጥታ ጠብ ብሎ ግንባሯ ላይ አረፈ። ለማየት የማይረዳው ዓይን ለማልቀስ አላነሰም።

"መድኃኒቱ ነው" አለ።

ጠብታ ያደረግኩለት ጠዋት ነበር። ያውም በቀኙ። እሷም ይሄን ሳታውቅ አትቀርም። አልጠረገችውም። ወደ ኩሽና ሄድኩና የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ።

እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። ዝናብ ነው። ሐና ቤቷ ናት፣ ነገ መኪና ተውሳ ትመጣና ወደ ዶክተሯ ትወስደናለች።

ጋሼ ትናንት ቀለል ያለው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ብሶበታል። "ይቅር ያለችኝ ይመስልሻል?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ማንኛቸውም ደግመው አላነሱትም። "ቢያንስ ነገረችኝ" አለ። ቆይቶ ደግሞ "እንደነገረችኝማ አውቃለሁ፤ ማየት ነበረብኝ እንጂ" አለ።

ምን ብዬ ላጽናናው? ልክ ነው።

ፊልም ልክፈትልህ ስለው አይ አለ። ዝናቡን ነው የሰማነው። ስለነዚያ ፊልሞች ሳስብ ዋልኩ። ጥሩዎቹ ያረጀው ሰውዬ ጣቱን ሲጠቀልል ያሳዩናል፤ መጥፎዎቹ ጊዜ አለህ ይሉናል። እኛ ደግሞ መጥፎዎቹን ነው የበለጠ የወደድናቸው። እኔም እዚያ ሶፋ ላይ ከጎኑ ሆኜ አልቅሻለሁ።

ሰኞ

ዶክተሯ ረጅም ጊዜ አየችው። ሬቲናው ለጊዜው ተጣብቋል። ለጊዜው የምትለዋ ቃል አልተመቸችኝም። ጋዙ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያይ ያኔ ይታወቃል፤ ማንበብ ይችል ይሆናል፣ ላይችልም ይችላል። መንዳት እንዳያስብ። ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላንም ክልክል። ግን ቀና ማለት ተፈቀደለት።

ቀና አለ። አንገቱ ሲጢጥ የሚል መሰለኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ደጋግሞ አርገበገበ።

"ከታች ውሃ የሞላ ነው የሚመስለው፣ ይዋልላል። ከላይ በኩል ቀጭን ክፍተት አለች" አለ። "በሷ ይታየኛል።"

ዶክተሯ ጥሩ ምልክት ነው አለች።

መኪና ውስጥ ከፊት ተቀመጠ፣ ሐና ልትነዳ፣ እኔ ከኋላ። ቀበቶዋን ስታስር ወደሷ ዞሮ አገጩን ዝቅ አደረገና በዚያች ክፍተት አያት። ብዙ አያት። እሷም ሞተሩን ሳታስነሳ ጠበቀችው።

"ፀጉርሽስ?" አላት።

"ቆረጥኩት።"

"መቼ?"

ሐና መሪውን ይዛ ወደፊት አየች። "ቆየ፣ ዳድ። አምና።"

"አምና" አለ። እጁን ሰደደ፤ ርቀቱን ስላልለየው መጀመሪያ አየር ነካ፣ ከዚያ ማጅራቷን አገኘ። አጭሩን ፀጉር በጣቶቹ ወደላይ ወደታች አደረገው። እሷ አንገቷን አልሸሸችም፤ ወደ እጁም አልተጠጋችም። ሞተሩን አስነሳችና "የሚቀጥለው አፖይንትመንት መቼ ነበር?" ብላ በመስታወቱ እኔን ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ነው አልኳት። እኔ ሳን ሆዜ ሥራ ላይ ነኝ ያን ቀን።

"እኔ እወስደዋለሁ" አለች።