አሥራ ሰባተኛው ፊርማ

ጥቅምት 4
ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ብርዱ ደግሞ ጀምሯል። ሻይ ጠጣሁ፣ ማኅተም መታሁ፣ ዋልኩ።
ከሰዓት አቶ ደሳለኝ፣ ኃላፊያችን፣ የከነገ ወዲያውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሰጡኝ። ያልተደረገውን ስብሰባ! “ነዋሪው በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ደግፎታል” ይላል። የእኔ ሥራ ሰዓቱን መሙላት ነው። ለዚህ ነው ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ የተማርኩት…
አጀንዳ አንድ፣ የሰብአዊ መብት ፖሊሲ ረቂቅ። አጀንዳ ሁለት፣ ከታች ሰፈር ወደ ገበያው የሚወጣውን መንገድ መዝጋት። ለምን? አዲሱ ሆቴል ፊት ለፊት መናፈሻ ሊሠራ። ከተማችንን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ዙሪያዋ ሁሉ ሜዳ ነው። የሚናፈሰው ማን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 6
አቶ ደሳለኝ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ፖሊሲ አነበቡ። “ማንኛውም ነዋሪ የመደመጥ መብት አለው።” ለመደመጡ የቀረው አሥር ደቂቃ ነበር። ግማሹ አዳራሽ ያንቀላፋል።
አናጢው ጋሼ እሸቴ ተነሡ። “ሬሳችንስ? ተታች ሰፈር ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጫው ይኸው መንገድ ነው። አስከሬን ተሸክመን በወንዙ እንዙር?”
አቶ ደሳለኝ ፈገግ አሉ። “በአስተያየት ደረጃ ይዘነዋል።” ይዘነዋል… እኔ አልያዝኩም። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም።
ቀጥላ ፈንታነሽ። ቁርስ ቤቷ እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ከጅዳ ይዛ የመጣችውን ሁሉ አፍስሳበታለች። “ባጃጅ ካልወጣ ካልወረደ ማን ይበላልኛል? መንገዱ ተዘጋ ማለት እኔ ተዘጋሁ ማለት ነው።” ያንንም አልጻፍኩም።
ሲወጡ አቴንዳንስ። የፈረመ ለስላሳና ዳቦ ይወስዳል። ግፊያ! መንገዳቸውን ሊቀሟቸው፣ እነሱ ለጠርሙስ ይሻማሉ። ጋሼ እሸቴም ፈረሙ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት። ፈንታነሽ ብቻ እስክርቢቶውን መለሰችልኝ።
“ምኑን ነው የምፈርመው?”
“መገኘትሽን።”
“ታዲያ ላዩ ለምን ባዶ ሆነ?”
ርዕሱ በኋላ ይጻፋል አልኳት።
“ጅዳ ያላነበብኩትን ፈርሜ ነው ሦስት ዓመት በር የተቆለፈብኝ።” ለስላሳውን ሳትነካ ወጣች።
ጉረኛ! አልኩ በልቤ። ያልፈረመ አልተገኘም፤ አሠራሩ ነው።

ጥቅምት 13
ጋሼ እሸቴን ቀበርን። ልባቸው ነው አሉ። የሬሳ ሳጥኑን ራሳቸው ከሠሯቸው መረጡላቸው።
በዚያው መንገድ አወጣናቸው። ቄሶቹ እያሳረፉ ፍትሐት አደረሱ፣ አንዱን ፈንታነሽ ደጃፍ ላይ። አቶ ደሳለኝም መጥተው አለቀሱ። ማልቀስስ ይችሉበታል።

ጥቅምት 20
ሁለተኛው ስብሰባ። መንገድ ለመዝጋት ደንቡ ሁለት ስብሰባ ይላል።
አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፈንታነሽ ቤት ለቤት ዞራለች መሰለኝ፣ አንድም ሰው አልፈረመም። ጌጡ እንኳ፣ አንድ ሰርግ ላይ ሁለቴ የሚበላው ጌጡ፣ “አላነበብኩትም” ብሎኝ አለፈ። ጌጡ ማንበብ አይችልም። ለስላሳው እንደተደረደረ ቀረ።
አቶ ደሳለኝ ለብቻዬ ጠሩኝ።
“ያለፈውን ፊርማ አያይዘው። ርዕስ ጻፍበት፣ ቀኑን የዛሬ አድርገው።”
“ግን…”
“ግን ምን?”
ምንም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ጻፍኩ፦ “ጥቅምት 20 ተገኝተን መንገዱ እንዲዘጋ የተስማማን።” አጻጻፌ ያምራል፣ ሁሌም ያሞግሱኛል። ስሞቹን አላየሁም። አላየሁም ወይስ ማየት አልፈለግሁም?

ጥቅምት 24
ዝርዝሩን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ፈንታነሽ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አሥራ ሰባት ላይ ቆመች።
“ደምሴ፣ ጋሼ እሸቴ በሃያ መጥተው ነበር?”
ማኅተሜን በእጅጌዬ ጠረግሁ።
“በአሥራ ሦስት አፈር የመለስክባቸው አንተ አይደለህም? አካፋ ይዘህ አይቼሃለሁ እኮ።”
ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። የእድሩ ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ማኅተሜን እንደያዝኩ ቢሮዬ ገባሁ።

ጥቅምት 27
መንገዱ አይዘጋም። “ለጊዜው” ይላል ማስታወቂያው። እድሩ ሬሳ አስፈረማችሁ ብሎ ሲነሣ መናፈሻው ተረሳ።
አቶ ደሳለኝ ደብዳቤ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። “ተራ የጸሐፊ ስህተት ነው። ፈርምና እንገላገል።”
በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመፈረሜ በፊት አነበብኩ። “በግል ተነሳሽነቱ” ይላል። በግል ተነሳሽነት! እኔ? እሳቸው ሳይጠጡ ሻይ እንኳ አዝዤ አላውቅም።
ከሥሩ ጻፍኩ፦ “ያያያዝኩት እኔ ነኝ። አያይዝ ያሉኝ አቶ ደሳለኝ ናቸው።” በዚያው ባማረው አጻጻፌ። ፈረምኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰኞ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።
ፈንታነሽ ጋ ገባሁ። ፉል አስቀመጠችልኝ፤ “ብላ” ግን አላለችኝም። የሆነውን ነገርኳት። ምስጋና ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ እኔ ጅሉ።
“አንብበህ ነው የፈረምከው?”
“አንብቤ ነው።”
ጠረጴዛውን ጠረገች። “ጋሼ እሸቴ አላነበቡም ነበር። አንተን አምነው ነው የፈረሙት።”
ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች። ፉሉን መጨረስ አልቻልኩም።