አንተ ካሚዮን አልቆጠርህም

የኔ አዳነ፣

ካረፍህ ድፍን ሁለት ዓመት ሞላህ። ጣልያን ከመተማ ወጥቷል። ደጃችን ላይ የተከልኸው ሎሚ አፍርቷል። ደብተርህም ተገኘልህ፤ ጥለውት ከሄዱት ቢሮ፣ ከወረቀት ክምር ሥር አወጡልኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ዘለልሁ።

ግን ተናድጃለሁ፣ ስማኝ። ትናንት ሙት ዓመትህ ነበር። የሰፈራችን ታላቅ ቀኛዝማች ተገኘ ተነሥተው፣ የጣልያንን ካሚዮን እየቆጠረ ለአርበኞች ሲሰልል ተይዞ የሞተ ጀግና ነው አሉህ። ሰዉም አለቀሰ። ጣልያኑ በደብተርህ ቁጥሮች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አይቶ፣ የሚገባና የሚወጣ ካሚዮን ነው ብሎ አሰረህ፤ እስር ቤት ወባ ጨረሰህ። ታዲያ የገዳይህን ስሕተት የገዛ ወገኖችህ ይሸልሙህ?

ተነሣሁና "የጻፈው የኮከብ ፍጥነት ነበር" አልኋቸው። ቀኛዝማች፣ ልጄ፣ ባልሽ ጀግና ቢባልልሽ አይሻልም ወይ አሉኝ። አይሻለኝም።

አንተ ያስረዳኸኝን አስረዳኋቸው። ትዝ ይልሃል፣ ከሐጅ ኢድሪስ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ውጭ ቆመን፣ ከአጥሩ በላይ የመጭመቂያው ግንድ ጫፍ አንዴ ወደኛ፣ አንዴ ወደዚያ ዘንበል ሲል ያሳየኸኝ። ግንዱን እየዞረ የሚጎትተው ግመል አይታይም፤ መኖሩ ግን ይታወቃል። ኮከብም እንዲሁ፤ ወደኛ ሲመጣና ሲርቅ የብርሃኑ ቀለም በጥቂቱ ይለወጣል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይለካል። ካርቱም ስንማር ከመጽሐፍ የገለበጥኸው ቁጥር ያ ነው፦ ሲቀርብ መቀነስ፣ ሲርቅ መደመር። ኮከቡን የሚጎትት፣ እንደኛ ምድር ያለ የማይታይ ዓለም ትፈልግ ነበር። የኛይቱ ፀሐይ እንኳ በዙሪያዋ ያለው ትልቁ ዓለም ሲጎትታት የምትነቃነቀው በሚጋልብ ግመል ፍጥነት ነው፤ ይህን ያህሉን ከሩቅ ኮከብ ላይ የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም እያልህ ትበሳጭ ነበር።

ከተሰበሰበው ሰው መካከል የነበሩት ሐጅ ኢድሪስ ሳቁ። "እኔኮ አጥሬ ሥር የሚቆመው ዘይት ሊሰርቅ ይመስለኝ ነበር" አሉ። ይኸው፣ ሰላይም ሌባም ተባልህ። ንዴቴን ይዤ እኔም ሳቅሁ።

ደብተርህ ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ መሣሪያው እስኪሠራ ይቆያል። በየሙት ዓመትህ ከጸሎቱ በኋላ ሰዉን ሁሉ ወደዚያ አጥር እወስዳለሁ። ቀኛዝማችን ከፊት አቆማለሁ። ግመሉን ሳያዩ "ግመል አለ" እስኪሉኝ ድረስ አልለቃቸውም።

ያንተው እልፍነሽ